የቅጥሪቱ ወተት

ያ አገር በየት በኩል ነው ብላችሁ አታድርቁኝ። መንገዱን የሚያውቁት አይናገሩም፣ የሚናገሩትም አያውቁትም። ስሟ ቅጥሪቱ ነው። ዙሪያዋን ወንዝ ከቧታል፤ ከወንዙ ወዲያ ቅጥር አላት፤ ቅጥሯ ላይ ደግሞ በር በበር ነው። የነዋሪ በር፣ የሠራተኛ በር፣ የነጋዴ በር፣ የእንግዳ በር፣ ሌላው ቀርቶ የለቅሶ ደራሽ በር አላት። በር የበዛበት ቤት ለመግባት አይቸግርም ብሎ የሚያስብ ሰው ቅጥሪቱን አያውቃትም።

በየትኛውም በር ለመግባት፣ ከገቡም በኋላ ለመቆየት፣ ጠባይ ማስመዘን ግድ ነው። የቅጥሪቱ ሹሞች የሰው ጠባይ የሚመዝኑት በወተት ነው። ጠያቂውን በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፤ እስከ አፉ ጢም ያለ የቀንድ ዋንጫ በሁለት እጁ ያስይዙታል፤ ከሥሩ ጥቁር ቁርበት ያነጥፋሉ። ከዚያ ሦስት መርማሪዎች ፊት ለፊቱ ይደረደሩና ይጠይቁታል፣ ይሰድቡታል፣ እናቱን ያነሱበታል። አንዲት ጠብታ ቁርበቱ ላይ ነጭ ሆና ከታየች ያ ሰው ጠባይ የለውም። ለምን በወተት ሆነ ቢባል፣ ጥንት አንድ ባዕድ እንግዳ የንጉሡ ካባ ላይ ወተት ደፍቶ ነበር አሉ። ንጉሡ ሞተዋል፣ ካባውንም ብል በልቶታል፣ ሕጉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው። በአባትም በእናትም የቅጥሪቱ ልጅ የሆነ ዋንጫ አይዝም፤ እሱ ወተቱን ጠጥቶት ነው የተወለደው ይባላል።

የፈሰሰበት ሰውስ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የፈሰሰ አይታፈስም ማለት ለኛ ተረት ነው፤ ለቅጥሪቱ ሕግ ነው። ወተት የፈሰሰበት ሰው እግሩ የቅጥሪቱን አፈር እስከ ረገጠ ድረስ ዳግመኛ ምንም በር አይጠይቅም። በነዋሪ በር ጠይቄ አልሆነልኝም፣ እስቲ በሠራተኛ በር ልሞክር ማለት የለም። አንዱ በር ሲዘጋበት የቀሩትም አብረው ይዘጋሉ፤ ወንዙ ሲጎድል ጓዙን ጠቅልሎ ይሻገራል።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ከወንዙ ማዶ፣ ከደጋው መጥታ ደምለው የሚባል የቅጥሪቱ ሸማኔ አግብታ ስንዱ የምትባል ልጅ ወልዳ ትኖር ነበር። የምትኖረው በእንግዳ በር ነው። ለእንግዳ ዋንጫው የሚሞላው እስከ ግማሹ ስለሆነ፣ ከክረምት እስከ ክረምት ግማሽ ዋንጫዋን ይዛ ፈቃዷን እያሳደሰች ቆየች። በኋላ ግን መረራት። "በገዛ ቤቴ እስከ መቼ እንግዳ ሆኜ?" አለችና በነዋሪ በር ጠየቀች።

አፍ አውጥቶ የከለከላት አንድ ሰው እንኳ ያኔ አልነበረም። ምክንያቱም ትርንጎ ሲፈጥራት ጠርጣሪ ናት፤ ሁሉም ሰው በእሷ ጥርጣሬ ተማምኖ ነበር። እናቷ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ነው ያሳደገቻት። በምርመራው ቀን በርጩማውን ገልብጣ እግሮቹን ለካች፤ አንዱ አጥሮ እንዳይሆን። ዋንጫውን ከሥሩ ዳሰሰች፤ ተበስቶ እንዳይሆን። ድመት ለቀውብኝ ወተቱን ብላ ብትዘልብኝስ ብላ የአዳራሹን ጥግ ሁሉ በዓይኗ ፈተሸች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ዋንጫውንም ያዘች።

"ያገባሽው ሰውየውን ወደሽ ነው በሩን?" አሏት።

"ሰውየውን።"

"ምኑ ይወደዳል? አፍንጫው እንኳ ጠማማ ነው።"

ዓይኗን ከወተቱ አላነሳችም።

"እናትሽ ሌባ ነበረች ሲባል ሰምተናል።"

ዋንጫው ንቅንቅ አላለም። እናቷ የሞተችው የሰው እሸት እንኳ ሳትቀጥፍ ነው፤ ልቧ ቢነድም እጇ ረጋ ብሎ ቆየ። መርማሪዎቹ ተያዩ። ሊጨርሱ ሲሉ የአዳራሹ በር ሲጥጥ ብሎ ተከፈተና ጢሙ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ በምርኩዝ እየተደገፈ፣ እያሳለ ገባ።

እንግዲህ ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲገባ ትንሽ ትልቁ ብድግ ይላል፤ "ኖር!" ይላል፤ ሽማግሌው "በእግዜር!" ይልና ሁሉም ይቀመጣል። ይህ ታስቦ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ እግር ራሱ ነው የሚነሳው። ትርንጎም "ኖር!" ብላ ብድግ አለች። ወተቱ ቀሚሷ ላይ ተደፍቶ ቁርበቱ ላይ ተንጠባጠበ።

"ጠባይ የላትም" አለ መካከለኛው መርማሪ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ወንበር እንኳ ሳይፈልግ በመጣበት በር ተመልሶ ወጣ። ትርንጎ የፍርዱ ነገር ገና ሳይገባት አንድ ሌላ ነገር ከነከናት፤ ሽማግሌው "በእግዜር" አላላትም።

ፍርዱ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ትሻገር የሚል ነበር። እሱስ ባልከፋ፤ ባሏን ልጇን ይዛ ትሄድ ነበር። ስንዱ ግን ገና ስድስት ዓመቷ ነው። በቅጥሪቱ ሕግ ከባዕድ እናት የተወለደ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው የልጅ ዋንጫ ይይዛል። እስከዚያ የቅጥሩ አደራ ነው ተብሎ ወንዝ አይሻገርም። ዋንጫው ካልፈሰሰበት የቅጥሪቱ ልጅ ይሆንና ለአካለ መጠን እስኪደርስ አይወጣም። ከፈሰሰበት ደግሞ እንደ ማንም ባዕድ ይባረራል። ስለዚህ ትርንጎ መሄዷ ነው፤ ስንዱ መቅረቷ ነው። 

በማግሥቱ ወደ አፈ ደጅ ሄደች። አፈ ደጅ ማለት በቅጥሩ መስኮት ተቀምጦ ለጠያቂ ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሹም ነው።

"ጌታዬ፣ በሠራተኛ በር ልጠይቅ ብዬ ነበር።"

"ፈሶብሻል?"

"ፈሶብኛል።"

"እንግዲያው አትጠይቂም።"

"በለቅሶ ደራሽ በርስ?"

"ማን ሞተብሽ?"

"እስካሁን ማንም።"

"ቢሞትም አትጠይቂም።"

"እሺ፣ ለምን እንደማልጠይቅ ልጠይቅ?"

አፈ ደጁ አጠገቡ ወዳለው ዘበኛ ዞር ብሎ "አየህልኝ ጠባይዋን!" አለው።

ትርንጎ ግን ዋዛ ሴት አይደለችም። "ወንዙን ተሻግሬ ከማዶ ብጠይቅስ?" አለችው።

"እሱማ መብትሽ ነው። ማዶ ያለ ሰው መጠየቅ ይችላል።"

"ተመስገን!"

"ቀስ በይ። መጀመሪያ የምትጠየቂው ፈሶብሽ ያውቃል ወይ ተብለሽ ነው። ያውቃል ካልሽ ጠባይ የለሽም። አያውቅም ካልሽ ዋሽተሻል፤ ውሸታም ደግሞ ጠባይ የለውም።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልመልስ?"

"እውነቱን ነዋ! እኛ ውሸት አንወድም።" ትንሽ አሰበና ጣቱን ቀሰረ። "የፈሰሰበት ሰው እዚሁ ሆኖ ሊጠይቀው የሚችል አንድ በር ብቻ አለ፤ የፍርሃት በር። ማዶ ሊገድልሽ የሚፈልግ ሰው አለ?"

"የለም። እኔ የምፈራው ከልጄ መለየት ነው።"

"እሱን ፍርሃት እዚህ ነው ያገኘሽው። እኛ የምናስተናግደው ከማዶ ይዘሽ የመጣሽውን ፍርሃት ነው።"

ወደው አይስቁ አሉ። ልትሄድ ዞር ስትል አፈ ደጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሊቀ ጠባይ ከወደዱ እግዱን ሊያነሱልሽ ይችላሉ። መውደድ ግን የሳቸው ነው፤ ውደዱልኝ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ዘመድ መላክ ክልክል ነው። ማልቀስም እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። እኔም ምንም አልነገርኩሽም።" ሊቀ ጠባይ የሹሞቹ ሁሉ አለቃ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይቺ ናት፤ ትርንጎ እንደዚያ እያለች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አንድ ጎረቤት አለቻት፣ አስካለ የምትባል። አስካለ ላሞች አሏት፤ ለምርመራ አዳራሹ ወተት የምታቀርበው እሷ ናት። ማምሻውን ገባ አለችና "ትርንጎዬ፣ ሆዴ አልችል አለኝ። ያ ሽማግሌ እኮ የነሱ ሰው ነው" አለቻት።

"የነማን?"

"የአዳራሹ ነዋ! ሹመቱ ድንገት ገቢ ይባላል። ደሞዝ አለው፣ ካባ አለው። የደጋ ሰው ሲመረመር ሽማግሌ ሆኖ ይገባል፤ ደገኛ ለሽማግሌ እንደሚነሳ ያውቃሉ። የቆላ ሰው ሲሆን እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ይመጣል። የወደብ ሰዎች ላነጠሰ ሰው እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ነው ይማርህ የሚሉት አይደል? ለነሱ ደግሞ ያነጥሳል። ሁሉንም በገዛ ወጉ ነው የሚያስደፉት።"

 "ታዲያ ሳልገባ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

እውነት ነው፣ አታምናትም ነበር፤ አሁንም አላመነቻትም። ወተቱን የምትሸጥላቸው እሷ፣ በየዋንጫው የምትከፈል እሷ፣ ደግሞ አዛኝ እሷ! ጆሮ ጠቢ ብትሆንስ? በዚያ ሰሞን ትርንጎ ያልጠረጠረችው ሰው አልነበረም። ደምለውንም ጠረጠረችው። ሸማውን እየሸመነ ዝም፣ እራቱን እየበላ ዝም ሲላት፣ "ይሄ ሰው ስሄድለት ሌላ ሊያገባ ነው መሰለኝ" አለች በሆዷ። ምስኪኑ ደምለው ዝም ያለው የሚለው ጠፍቶት ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጣች። እዚያ ያን ሽማግሌ አየችው። ጆንያ ጤፍ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ምርኩዙን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ የገበያውን ቦይ እንደ ኮበሌ ዘለለው! ቀና ብሎ ሲያያት ወዲያው ጎበጠና ማሳል ጀመረ። ትርንጎ እዚያው ገበያ መሃል ቆማ ተሳደበች፤ ማንን እንደምትሰድብ የገበያው ሰው አልገባውም። አስካለ እውነቷን ነበር። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ ቶሎ አይወጣምና፣ "እውነቱን የምትነግረኝ ለምን ይሆን?" ብላ ደግሞ ጠረጠረቻት።

በሊቀ ጠባይ ቤት ፊት ለፊት የሚያልፍ መንገድ አለ፤ ሕዝቡ የአጋጣሚ መንገድ ይለዋል። የፈሰሰባቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ይቆማሉ። አይለምኑም፣ አያለቅሱም፣ ሊቀ ጠባይ በአጋጣሚ አይተዋቸው በአጋጣሚ እንዲወዷቸው በአጋጣሚ ይቆማሉ። ዘበኞች እየዞሩ "አንተ ለምን ቆምክ?" ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም ምክንያት ይዞ ይመጣል። አንዱ ሰውዬ ልሸጣት ነው እያለ የያዛት ዶሮ እጁ ላይ አርጅታ ነበር። ትርንጎም ባዶ ቅርጫት ይዛ ቆመች።

"ምን ልታደርጊ?" አላት ዘበኛው።

"እንቁላል ልገዛ።"

"እዚህ የታለ እንቁላል?"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

ክረምቱ እየወጣ ነበር፤ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። አንድ ጠዋት ሊቀ ጠባይ በበቅሎ ተቀምጠው ሲወጡ በቅሎዋ አዳለጣትና እሳቸውን ከነካባቸው ጭቃው ውስጥ ጣለቻቸው። የመንገዱ ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። ማንሳት መለመን ነው ቢባልስ? ዘበኞቹም ቆሙ፤ ሊቀ ጠባይን ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም፣ ፈቃድ የሚሰጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ አፋቸው ጭቃ ሞልቷል።

"እኔን! እኔን አባቴ!" ብላ ትርንጎ ቅርጫቷን ወረወረች። ብብታቸው ሥር ገብታ አነሳቻቸው፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊታቸውን ጠረገች፣ ባርኔጣቸውን ከጭቃው ለቅማ አራግፋ ሰጠቻቸው። ጠርጣሪዋ ትርንጎ ይህን ስታደርግ ምንም አልጠረጠረችም። ካነሳቻቸው በኋላ ነው ነፍሷ የተመለሰው።

ሊቀ ጠባይ ትንንሽ ዓይኖቻቸውን ተከሉባት። "ምን ፈልገሽ ነው?"

ልጄን! ልትል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወጥመድ ቢሆንስ? ከንፈሯን ነክሳ "ምንም። ወድቀው ነው" አለች።

"ያንቺ አገር ሰው የወደቀ ሁሉ ያነሳል?"

"አልፎት ሲሄድ አላየሁም፣ አባቴ።"

ሊቀ ጠባይ እህ ብለው በቅሎዋ ላይ ወጡና ሄዱ። ማታ ደምለው ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "ሴትዮ! እጅሽ ገብተው ነበር እኮ! ምን ፈለግሽ ሲሉሽ ልጄን ብትያቸው ምን ነበረበት?" አላት። ካገባችው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ጮኾባት አያውቅም። ትርንጎ ግን የደምለው ጩኸት ደስ አላት፤ ሌላ ሊያገባ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ መልእክተኛ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ "ሊቀ ጠባይ ወደዋል!" ብሎ ጮኸና ሄደ። እግዱ ተነሣ ማለት ነው። ትርንጎ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዋንጫውን ዳግመኛ ትይዛለች። ቤቱ በእልልታ ሊሞላ ሲል ትርንጎ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። "እልልታ በኋላ። አሁን አለመነሳት ነው የምማረው" አለች።

ልምምድ ተጀመረ። አስካለ ወተት ታመጣለች፣ ትርንጎ ዋንጫውን ይዛ ትቀመጣለች፣ ደምለው የጥጥ ጢም አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በምርኩዝ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ትርንጎ በሳቅ ደፋችው፤ በኋላ በልማድ ብድግ ብላ ደፋችው። ስንዱ ደግሞ ከመደቡ ላይ እየዘለለች "ኖር!" ትላለች።

"አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! አባትሽ እኮ ነው" ትላታለች ትርንጎ።

"ሽማግሌ ሆኗላ!"

ቀስ በቀስ የትርንጎ እግር ትዕዛዝ መቀበል ጀመረ። አንድ ቀን ዋንጫውን ይዛ ሳለ አንድ እውነተኛ ሽማግሌ፣ ከላይ ሰፈር ያሉ፣ ሸማ ሊያሠሩ ገቡ። ትርንጎ አልተነሳችም። "ታመምሽ እንዴ ልጄ?" አሏት ደንግጠው። "አዎ፣ አመመኝ" አለቻቸው። እሳቸው ሲወጡ ዋንጫውን አስቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም ነበርና ደምለው ማዘን ይሁን መደሰት ቸገረው።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ባልና ልጅ ከኋላዋ፣ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በርጩማው፣ ቁርበቱ፣ ዋንጫው እንደ ድሮው። መርማሪዎቹም እንደ ድሮው የደምለውን አፍንጫ አነሡ፣ እናቷንም አነሡ። ትርንጎ ዓይኖቿን ወተቱ ላይ ተክላ መለሰች። በመጨረሻ በሩ ሲጥጥ አለ፤ ያ ሳል መጣ፣ ያ ምርኩዝ ድም ድም አለ። ጥርሷን ነከሰች፤ ጉልበቶቿን እርስ በርስ አጣበቀች።

ከኋላዋ የስንዱ ድምፅ "ኖር!" አለ።

"በእግዜር፣ ልጄ!" አለ ሽማግሌው።

 ያኛው "በእግዜር" አይልም! ትርንጎ ቀስ ብላ ዓይኗን አነሣች። የድንገት ገቢውን ካባ ደርበው፣ ምርኩዙን ይዘው የቆሙት ሊቀ ጠባይ ራሳቸው ናቸው። ልትነሳ አሰበች። ዋንጫው ግን እስከ አፉ ሞልቷል፤ ብትነሳ ይፈሳል። አልተነሳችም። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም።

ሊቀ ጠባይ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። "ከጭቃ ያነሣችኝ ሴት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"ያን ቀን ሳይሽ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። እውነት ይሁን ብዬ ራሴ ልፈትንሽ መጣሁ። ይኸው ሽማግሌ ሲገባ ተዘፍዝፈሽ ተቀመጥሽ።"

"እንዳይፈስብኝ ብዬ ነው እኮ!"

"ጠባይዋ ተለዋውጧል" አለ አንደኛው መርማሪ። "ወይ ያኔ አስመስላለች፣ ወይ አሁን አስመስላለች" አለ ሁለተኛው። "በሁለቱም አስመሳይ ናት" አለ ሦስተኛው፤ በዚህም ተስማሙ።

ትርንጎ ዋንጫውን እንደያዘች "ብነሳስ ኖሮ?" አለች።

"ይፈስ ነበር" አሉ ሊቀ ጠባይ።

"ቢፈስስ?"

"የፈሰሰ አይታፈስም" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ከዚያ ሦስተኛው መርማሪ በጣቱ ወደ አግዳሚው አመለከተ። "ያቺን የምትነሳዋን ልጅ ልብ በሏት። የሷም ቀን ይደርሳል።"

ወንዙ ጎደለ። ደምለውና ስንዱ እስከ ውሃው ዳር ሸኟት። ትርንጎ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው። ከርሞ ስንዱ ዋንጫ ስትይዝ ያ ሰው መግባቱ አይቀርም። አትነሺ ብላ ብትመክራት ልጅቷ ከአባቷ ጋር፣ በቤቷ፣ ጠግባ ትኖራለች፤ ትርንጎ ግን አታያትም። ተነሺ ብትላት ደግሞ ሕፃን ልጅ በገዛ እናቷ ምክር ትባረራለች። ደምለው የልቧን ያወቀ ይመስል "አይዞሽ፣ እኔ አስተምራታለሁ" አላት። ምን እንደሚያስተምራት አልነገራትም፤ እሷም ጠረጠረች እንጂ አልጠየቀችም።

ስንዱን አቅፋ ጆሮዋ ሥር "ስሚኝ ልጄ፣ ከርሞ ያ ሽማግሌ ሲመጣ" ብላ ስትጀምር ታንኳ ቀዛፊው መጡ። ጥርስ የሌላቸው፣ እርጅና የተጫናቸው ሰው ናቸው። ስንዱ ከእናቷ እቅፍ ወጥታ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለችና "ኖር!" አለች። ቀዛፊው ቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰሙ ስንት ዘመናቸው! "በእግዜር! እደጊልኝ፣ ተባረኪልኝ" አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ትርንጎ የጀመረችውን አልጨረሰችም፤ ልጇን ስማ ታንኳው ላይ ወጣች።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቋት። ማዶ፣ ወንዙ ዳር ጎጆ ቀልሳ ተቀመጠች። ዋንጫው ከፈሰሰ ልጄን አገኛታለሁ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ምን ዓይነት እናት ነኝ ብላ ደረቷን ትመታለች። ደምለው አትነሺ ብሎ አስተምሯታል፣ እሱም አስተዋይ ሰው ነው፣ ልጁን አያስባርርም ትላለች። እንደዚያ እንዳሰበ እርግጠኛ ነበረች፤ በዚህ ጥርጣሬዋ ደግሞ ልክ ነበረች።

የልጆች ዋንጫ ቀን ሲደርስ ከጠዋት ጀምራ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታንኳው ከዚያኛው ዳር ተነቃነቀ። መጀመሪያ ያየችው የሸማኔ ዕቃ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ጠማማ አፍንጫ ነው። ቀጥሎ ደረቱ ላይ ወተት የደረቀበት ትንሽ ቀሚስ አየች። እዚያው እንደተቀመጠች ታንኳው ደረሰ።

"አስካለ ልካልሻለች" አለ ደምለው፤ ቅል ወተት አቀበላት። ትርንጎ ቅሉን ከፍታ አሸተተችው። ከዚያ ጎንጨት አለች። ጥሩ ወተት ነበር።

"ማን ገባ?" አለች ወደ ልጇ ዞራ።

"ሽማግሌው።"

"አባትሽ አልነገረሽም?"

"ነግሮኛል። የነሱ ሰው ነው፣ አትነሺ፣ ምርኩዙም የውሸት ነው ብሎኛል።" ስንዱ ቀሚሷን ቁልቁል አየች፤ እናቷ የምትቆጣት መስሏት ፈራ ተባ አለች። "ግን እማዬ፣ ሽማግሌ ነዋ!"

ትርንጎ ቅሉን አስቀመጠች።  ለትልቅ ሰው እንደሚነሳ ሰው ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ተነሳች።

"ኖር!" አለች።

ስንዱ ግራ ቀኝ አየች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው የለም።

"በእግዜር!" አለችና እናቷ ላይ ተጠመጠመች።